የኮሞዶር ዋጋ

ማክሰኞ፣ ኦገስት 12

ቀኑን ሙሉ ካፊያ። ከተራራው የሚወርደው ንፋስ በሩን በከፈትኩ ቁጥር የተላጨውን ፀጉር ወደ ጓዳ እየበተነው... ጂስሌን ሁለቴ ተቆጣችኝ። ሚስቴ በሾርባዋ ውስጥ ፀጉር ካገኘች የማንም ራስ ይሁን ጥፋቱ የኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዦዜ መጣ። ጋጣ ውስጥ ፈረስ ሲያጥብ የሚውለው። ከእሱ አፍ ቃል ከማውጣት ከፈረሱ አፍ ማውጣት ይቀላል። የዓመቱ ትልቁ የፈረስ እሽቅድምድም፣ የሜደን ዋንጫ፣ ሊሮጥ ወር አልቀረውም፣ ከተማችን ፖርት ሉዊስ በሙሉ ስለ ፈረስ ያወራል፣ እሱ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሎ ዝም። ዝም የሚል ደንበኛ ደግሞ አልወድም፤ መቀሱ ብቻውን ሲያወራ ለቅሶ ቤት ያለሁ ይመስለኛል። ለዋንጫው የሚሮጡትን በየተራ ጠራሁለት። ሞንታና፣ የሁሉም ምርጫ... ዝም። ሌሎቹም... ዝም። ኮሞዶር ስል ግን በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

ከእሱ ቀጥሎ ዴቫ ተቀመጠ፤ ጥግ ላይ ዳል ፑሪ፣ ያን ክክ የተሞላ ቂጣ፣ እየጋገረ የሚሸጠው። ምን አልኩት? «ኮሞዶርን እንዳትንቀው» ብቻ። «ከጋጣ ነው» ሳልልም አልቀረሁም። መቼም ከሻን ደ ማርስ የፈረስ መሮጫ ሜዳ አጠገብ ፀጉር ቤት ከፍቶ «ስለ ፈረስ አላውቅም» የሚል ሰው ጦሙን ነው የሚያድረው። ዴቫ ሲሄድ ጉርሻ ጨመረልኝ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ሥራ ዘግቼ ወደ አኪን ተሻገርኩ። ሱቁ ከደጄ ፊት ለፊት ነው፣ እኛም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ፊት ለፊት ነን። እኔ የሰው ራስ እላጫለሁ፣ አንተ የሰው ኪስ ትላጫለህ፣ እያልኩ አበሽቀዋለሁ። አቋማሪ ነው። ያውም ትንሹ። በሥራ ቀን በሱቁ መስኮት፣ በእሽቅድምድም ቀን ሜዳው ላይ ሰሌዳውን ተክሎ ውርርድ ይቀበላል። ከትልቆቹ አቋማሪዎች ኋላ ባንክ አለ። ከአኪን ኋላ ያለችው ቤቱ ናት፣ መያዣ ሆና። አንድ ሜደን ቢከፋበት ሰሌዳውም ቤቱም ሄዱ። ይህን እየሳቀ ነው የሚናገረው፤ ግን በየዓመቱ ኦገስት ላይ ይናገረዋል።

ኮሞዶር ሃያ አምስት ተጽፎበታል። ቢያሸንፍ ለአንድ ሩፒ ሃያ አምስት ይከፈላል ማለት ነው። «አይሆንም» የሚለውን በጨዋ ቋንቋ ሲሉት።

እንደ ልማዳችን ተከራከርን። የኔ እምነት የታወቀ ነው፦ ዋጋ ሲወርድ የሚያውቅ ሰው ገብቷል። ባለጋጣው፣ የፈረስ ሐኪሙ፣ የጋላቢው አማች... ድምፃቸውን አጥፍተው ያስይዛሉ፣ አቋማሪው ይደነግጣል፣ ዋጋውን ይቀንሳል። ብልህ ሰው ዋጋውን አይቶ ይከተላል። አኪን ጠመኔውን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሰማኝና፣

«ዋጋ ስለ ፈረሱ አይደለም የሚነግርህ፣ ስለ ሰዉ ነው» አለ። «ሰው ከተንጋጋበት እቀንሳለሁ፣ ከሸሸው እጨምራለሁ። በቃ።»

ዕድሜውን በሙሉ በዚህ ሥራ ቆይቶ ይህን ማለቱ አሳዘነኝ። ወይም አውቆ ይደብቀኛል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16

ኮሞዶር ሃያ ሆኗል። ማን ነው እየገባ ያለው?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 19

አሥራ አራት።

ጠዋት መዝጊያዬን ሳነሳ መጀመሪያ የማየው የአኪንን መስኮት ሆኗል። ጂስሌን «እኔን እንደዚህ ጓጉተህ አይተኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም ማለት አይቻልም፣ አውቃለሁ ማለትም ውሸት ነው፤ ቡናዬን ጠጣሁ።

እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ የዦዜን ፈገግታ እኔ ራሴ አየሁ። ዋጋው ደግሞ በገዛ እጁ ወረደ። ሁለት ምስክር። ፍርድ ቤት እንኳ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። ስለዚህ የደንበኛ ወንበሩን ቆዳ ላስቀይርበት ያስቀመጥኳትን ይዤ ተሻገርኩ። አኪን ቲኬቱን ቆርጦ ሲሰጠኝ ቅንድቡ ወደ ላይ ወጣ። «አንተም?» አለኝ።

አንተም ማለት ምን ማለት ነው? ከኔ ሌላ እነማን? አልጠየቅኩትም። የሚያውቁት ናቸዋ፤ ሌላ ማን ይሆናል። ከአዋቂዎቹ ጋር ተቆጠርኩ ብዬ እያፏጨሁ ተመለስኩ። ቆዳው ይቆይ፤ ደንበኞቼ እስካሁን በተቀደደው ተቀምጠው የሞተ የለም።

ዓርብ፣ ኦገስት 22

ዛሬ የሆነውን መጻፍ ደስ ይለኛል። ወይስ አይለኝም? እንጃ።

ኮሞዶር አሥር ገብቷል። አኪን ራሱ መጣ፣ ፀጉሩ ሳያድግ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በመስታወቱ ያየኝ ጀመር። ሰፈሩ በሙሉ ኮሞዶር ላይ ተንጋግቷል አለኝ። አሣ ሻጮቹ፣ የወደብ ተሸካሚዎቹ፣ ማዳም ኦርታንስ ልብስ ሰፊዋ ሳትቀር። ሌላ ፈረስ የሚጠራ ሰው የለም። ሌሎቹ ላይ የሚያስይዝ ካለ፣ ከተሸናፊዎቹ የሰበሰበውን ለአሸናፊዎቹ ይከፍላል፤ አቋማሪ የሚኖረው እንደዚያ ነው። ሁሉም አንዱን ይዞ ያ አንዱ ቢያሸንፍ ግን ከየት ይከፈላል? ከሸክሙ ግማሹን ለትልቅ አቋማሪ ማሻገር ይችላል፤ ነገር ግን እነሱም ዋጋውን ቀንሰዋል፣ ማሻገሩ የዓመቱን ትርፍ ይበላበታል። ካላሻገረ ደግሞ ቤቱ...

«አንተ ከጋጣ ሰዎች ጋር ነው የምትውለው» አለኝ። «እውነቱን ንገረኝ። የምታውቀው ነገር አለ?»

ሰው የሆነ ሰው «ዦዜ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ሌላ አላውቅም» ይል ነበር። እኔስ? ምላጩን መሳያው ቆዳ ላይ ሁለቴ ሳብ አደረግኩና፣ ረጋ ብዬ፣ «አንዳንድ ነገር አይጠየቅም» አልኩት።

አይ እኔ ጋኤታን። አይጠየቅም!

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት። አብረን ስንኖር አኪን እኔን እንደ አዋቂ ሲያየኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። በነፃ አስተካክዬ ሸኘሁት።

ሰኞ፣ ኦገስት 25

ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ሙሴ ራምፋል ሊላጩ መጡ፤ ጡረታ የወጡት መምህር። አሁን የሚኖሩት ልጃቸው ዘንድ ቫኮአ ከተማ ነው፣ ግን ጢማቸውን ለሌላ ሰው አይሰጡም። አረፋ ቀብቼ እንደጨረስኩ እጄን ያዙና በሹክሹክታ፣ ለአንተ ብቻ ነው፣ አሉኝ። ኮሞዶር። አንድ የጋጣ ሰው፣ ስሙ አይጠራም፣ ለፀጉር አስተካካዩ እያለቀሰ ምስጢሩን ነገረው። ፈረሱን ዓመቱን ሙሉ ደብቀውት ኖረዋል፤ ጠዋት በጨለማ ነው የሚያሮጡት። ፀጉር አስተካካዩ ሲሰማ ከመደንገጡ የተነሳ ምላጩ ከእጁ ወደቀ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ምንድነው? ቅናት! የጋጣ ሰው የሚያለቅስለት ይህ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ማን ነው? በኔ ሰፈር?

«የት ያለ ፀጉር አስተካካይ ነው ሙሴ?» አልኩ፣ ድምፄን ለስለስ አድርጌ።

«እዚሁ ሻን ደ ማርስ አጠገብ ነው አሉ። ሸምገል ያለ፣ ትንሽ ቀባጣሪ ነገር። ግን ባለጋጣዎቹ ሁሉ የሚተማመኑበት ሰው ነው።»

አንድ ጉንጫቸውን ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር ገባኝ። ቁጭ ማለት አማረኝ፤ ወንበሩን እሳቸው ይዘውታል።

እኔ ለዴቫ። ዴቫ ከዳል ፑሪው ጋር ጠቅልሎ ለአሣ ሻጮቹ። አሣ ሻጮቹ ለአውቶቡስ ነጂው፣ ነጂው ለቫኮአ። ሁሉም ሩፒውን ይዞ ወደ አኪን። ሰው ሲበዛ ዋጋው ወረደ። ዋጋው ሲወርድ እኔ «የሚያውቅ ሰው ገባ» አልኩ። ያ የሚያውቀው ሰው እኔው ነኝ! ጅራቷን ስታሳድድ እንደምትውል ውሻ... የገዛ ወሬዬን፣ በገዛ ገንዘቤ፣ በአሥራ አራት ገዛሁት። አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደወጣች ሁሉም ያውቃል።

ለጂስሌን ነገርኳት። ሳቀች፤ ማሰሮውን አስቀምጣ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ከዚያ ድንገት አቆመች።

«አኪንስ?» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 27

ሰዉን ላስተካክል ብዬ ተነሳሁ። አኪን ዘንድ ከመሄዴ በፊት ወሬውን ከሥሩ ላጥፋው፣ አልኩ። (እዚህ ላይ እንኳ ልዋሽ? አኪንን ፈርቼ ነው።)

ጠዋት ዴቫ ጋር ሄጄ፣ ስማ፣ ውሸት ነው፣ ዦዜ ምንም አላለኝም፣ እኔ ነኝ የቀባጠርኩት፣ አልኩት። ጨርቁን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አየኝ። ከዚያ ጠቀሰኝ።

«ገባኝ ቶንቶን» አለ፤ አጎቴ ማለቱ ነው። «ዋጋው እንዳይወርድብህ ነው አይደል? እኔ አፌን ዘግቻለሁ።»

የዴቫ አፍ ሲዘጋ እንዴት እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ጋኤታን መካዱን መንገዱ በሙሉ ሰምቷል። ማዳም ኦርታንስ ከመስኮቷ ሆና ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማኋት፤ ጋኤታን ከካደ እንግዲህ ቁርጥ ነው፣ እሱ መቼ አውቆ ዝም ብሎ ያውቃል፣ ምን ዓይነት ነገር ቢሆን ነው እንዲህ ያስካደው፣ አለች። የቀረውን የእቁብ ገንዘቧን ይዛ ወደ አኪን ስትሻገር ተከትያት ወጣሁ። ክንዷን ያዝኳት፣ ለመንኳት። ገፈተረችኝ። ራስህ ሸምተህ ሌላውን ትከለክላለህ፣ ስግብግብ፣ አለችኝ በሰው ፊት።

ማታ ኮሞዶር አምስት። በውሸቴ ከሃያ አምስት አሥር ደረሰ፣ በእውነቴ በአንድ ቀን በግማሽ ወረደ።

ዓርብ፣ ኦገስት 29

ነገርኩት።

ስገባ ኮቱን ለብሷል። ወደ ትልቁ አቋማሪ ሊሄድ ነው፤ ሊያሻግር። የዓመት ትርፉን ሊያስበላ ማለት ነው። በሩ ላይ ቆምኩበት።

«አኪን፣ ያ ያልኩህ ነገር... ምንም አላውቅም።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ኮሞዶር። ዦዜ በመስታወት ፈገግ ብሎ ነበር። ያ ብቻ ነው። የቀረውን ከተማው ነው የጨመረበት።»

«ፈገግ አለ?»

«ፈገግ አለ።»

መሳቅ ጀመረ። ባንኮኒውን ተደግፎ፣ እንባውን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ... እኔም አብሬ ልስቅ አልኩ። ከዚያ አቆመና፣ «ያን ቀን ስጠይቅህ ለምን አልነገርከኝም?» አለ።

«አዋቂ መስዬ ልታይህ ብዬ» አልኩት።

አልተሳደበም። ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ኮቱን አወለቀ፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። አይሄድም። አያሻግርም።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በቃሌ ተማምኖ ቤቱን አስያዘ። ቃሌ ደግሞ «ምንም አላውቅም» ነው።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትናንት መንገዱን ስሻገር አንድ ሐሳብ መጥቶብኝ አልመለስም ብዬ ቤቴ ገብቼ ነበር። እኔ አላውቅም ማለት ኮሞዶር አያሸንፍም ማለት ነው እንዴ? ፈረሱ የኔን አለማወቅ የት ያውቃል?

ጠዋት ሄጄ ይህንኑ አልኩት። ጠመኔውን አስቀምጦ አየኝ።

«ይህን እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

ግማሹን እንኳ አሻግር፣ ብዬ ለመንኩት። በፍጹም። ሃያ አምስት በነበረ ጊዜ ያው ፈረስ ነው፣ አሁን አምስት ሲሆንም ያው ፈረስ ነው፣ ሰው ስላወራ አምስተኛ እግር አልበቀለለትም፣ አለኝ። ወሬ በመጣ ቁጥር የሚሸሽ ሰው ጠመኔ መያዝ የለበትም። ቲኬቴን ልመልስልህ ስለውም ተቆጣ። ከእሱ ሰሌዳ የተቆረጠ ቲኬት አይመለስም፤ አባቱም አልመለሰም።

እሁድ ስምንት ቀን ነው ሜደን። ስመለስ ጂስሌን ምን አለ አለችኝ። ሰውየው ከኔ ይሻላል አልኳት።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 4

ዦዜ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ፤ ለሜደን እሱም ያምርበት እንጂ። እንዳያመልጠኝ በሩን ዘጋሁበት። ያን ቀን ኮሞዶር ስል ለምን ፈገግ አልክ? «መቼ?» ይላል። አስታወስኩት። አሰበ፣ አሰበ... ፀጉር ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ኮርኩሮኝ ይሆናል፣ አለ።

ደግሞም የኮሞዶርን ጋጣ በሩን እንኳ ረግጦት አያውቅም። እሱ የሚያጥበው የሌላ ሰው ፈረሶችን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ራሱን ስቆርጥ የማን ሠራተኛ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም ለካ!

ሲወጣ ግን በሩ ላይ ዘወር ብሎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቅ ተናገረ። እሱም ኮሞዶር ላይ አስይዟል።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ከተማው ሁሉ ነው የሚያወራው» አለ። «ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ነው አሉ የወጣው።»

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 7

ጂስሌን ጠዋት ሳንት ክሯ፣ ቅዱሱ መቃብር ዘንድ፣ ወርዳ ሻማ አበራች። ሰው ሁሉ ፈረሱ እንዲያሸንፍለት ሲለምን፣ እሷ አንዱ እንዳያሸንፍ። ቅዱሱም ግራ ይገባዋል።

ሜዳው መርፌ አያስጥልም። ድንኳን፣ ሕፃናት፣ ድስት ተሸክሞ የመጣ ቤተሰብ... የአኪን ሰሌዳ ዳር ላይ። ሰላም ብዬው አለፍኩ። ኪሴ ውስጥ የኮሞዶር ቲኬት፣ አፌ ውስጥ የኮሞዶር እርግማን። እንዲህ ያለ ተወራራጅ አይቼ አላውቅም።

ተነሱ። መጀመሪያው ዙር ላይ ኮሞዶር ከኋላ ነበር፣ ነፍሴ መለስ አለች። ዳገቱ ላይ ስድስተኛ። ቅር፣ ቅር እዚያው፣ እያልኩ ስጮህ አጠገቤ ያለ ሰው ሟርተኛ መስዬው ራቀኝ። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሞንታና ብቻውን ነበር... ብቻውን! ከዚያ በውጭ በኩል ኮሞዶር፣ ያ ቡናማ ነገር፣ መጣ። የፈሩት ይደርሳል። በአንድ ራስ አሸነፈ። በአንዲት የፈረስ ራስ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመጻፍ አፍራለሁ። ዴቫና አሣ ሻጮቹ አነሱኝ፤ ትከሻ ላይ ሰቀሉኝ። ማዳም ኦርታንስ፣ ያች የገፈተረችኝ፣ እግሬን ሳመችው። ሰው ስሜን ይጠራል። አውርዱኝ ብል ማን ይሰማል? ከላይ ሆኜ ሁሉም ነገር ይታየኝ ነበር፤ አኪንም። በሰሌዳው አናት ላይ ኮሞዶር ብሎ ይጽፋል፣ ቀስ ብሎ፣ ፊደሉን እያሳመረ። ከፊቱ ሰልፉ ተጀምሯል።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ሰልፉ ከአኪን መስኮት እስከ ዴቫ ጥግ። ይከፍላል። ለእያንዳንዱ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይላል። ከሰዓት በኋላ የገንዘብ ሳጥኑ ባዶ ሆነ፤ የቀራችሁ ረቡዕ ኑ አለ። አንድ ሰው አላጉረመረመም። አኪን ካለ ይከፍላል፣ ብለው ሄዱ።

እኔ አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ሠራሁ። የአንድ ሰው ጆሮ ቆረጥኩ፣ ትንሽ ነው። ሰውዬው ግን አሸንፎ ስለነበር ምንም አላለም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

አኪን የአቋማሪነት ፈቃዱን ሸጠው። ለዚያው ሊያሻግርለት ለነበረው ትልቅ አቋማሪ። ሰሌዳውን፣ መስኮቱን፣ ሜዳው ላይ ያለችውን የአባቱን ቦታ። ቤቱ ተርፋለች። ለሁሉም ከፈለ።

ከአንድ ሰው በቀር። ማታ መንገዱን ተሻግሮ መጣ፣ ኮቱን ለብሶ።

«ቲኬትህን» አለኝ።

«ጠፋኝ።»

«ጉርዱ እኔ ጋ አለ።»

«ተው በናትህ አኪን... አልወስድም። በኔ ጦስ አይደል እንዴ ይህ ሁሉ?»

«ያልተከፈለ አንድ ሰው ካለ አኪን ሳይከፍል ተዘጋ ነው የሚባለው። ሰሌዳዬን ወሰድክ፣ ስሜንም ልትወስደው ነው?»

ወሰድኩ። በደንቡ ደግሞ አሸናፊ ገንዘቡን በአቋማሪው ፊት መቁጠር አለበት፤ እጁን አጣምሮ ቆሞ ይጠብቃል። ቆጠርኩ። ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ ሁለቴ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። «ልክ ነው» ማለት ነበረብኝ። ልክ ነው አልኩት። እንኳን ደስ ያለህ ብሎኝ ሄደ። ገንዘቡን ለጂስሌን ሰጥቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አፍንጫው ነው የሚያስቸግረው።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15

ጂስሌን ገንዘቡን በድብቅ ለአኪን ሚስት ወሰደች። በዚያው ቀን ተመለሰ፤ ከላዩ አንድ ሳህን የሩዝ ኬክ ተደርቦበት። እነዚህ ሰዎች ሲቀየሙ እንኳ ባዶ ሳህን አይመልሱም። ተቀይመው ነው ግን? መስኮቱ ተዘግቷል፣ አኪን አይወጣም።

ሱቄ ግን ሞልቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ከኪዩርፒፕ ድረስ ይመጣሉ። ስለሚቀጥለው ቅዳሜ ይጠይቁኛል፤ አላውቅም እላለሁ፤ እርስ በርስ ይተያያሉ። ዛሬ ሳዛጋ አንዱ ደንበኛ የፈረስ ስም እየጠራ ነበር፣ ሌላው ወዲያው ሊያስይዝ ተነስቶ ወጣ። በመስታወት ፊት ፈገግ ማለት ፈርቻለሁ። አፌ ያበላኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ አፌን ስዘጋ በላሁ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

በእሽቅድምድም ቀን ሱቄን ዘጋሁ። ሰው በሩን ሲያንኳኳ በጓሮ ወጥቼ የአኪንን በር መታሁ። ሚስቱ ከፈተች። ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ኮቱን ለብሶ፣ የሚሄድበት የሌለው ሰው። ተነስ፣ ሜዳ እንሂድ፣ አልኩት። ምን ላደርግ? አለ። ምንም። ሰው ሌላ ምን ሊያደርግ ይሄዳል?

ተነሳ።

 ሜዳው ውስጥ የት እንደሚቆም ጠፋበት። አባቱ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ የትልቁ አቋማሪ ሠራተኛ አለ፣ ወጣት፤ አኪንን ሲያይ ቆቡን አነሳለት። ዳር ዳሩን ይዘን አጥሩ ጋ ሄድን። ፈረሶቹ ሲነሱ አኪንን ዘወር ብዬ ባየው ጀርባውን ለእሽቅድምድሙ ሰጥቷል። ሰዉን ነው የሚያየው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

«ወዲያ ነው» አልኩት። ትከሻውን ይዤ አዞርኩት።

በፊታችን አለፉ። መሬቱ እግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ፣ አፈርና ሣር ፊታችን ላይ ተረጨ፣ የፈረሶቹ ትንፋሽ ተሰማ። ሌላው ሁሉ ሲጮህ አኪን አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሞ ቀረ። ካለፉም በኋላ ያለፉበትን ያያል። ኮቱ ላይ ጭቃ ነበር፣ አልጠረገውም።

«ጋኤታን» አለኝ። «እንዲህ ነው እንዴ?»

«ምኑ?»

«ሲሮጡ።»

እስከ ዛሬ አላየም። ሰሌዳውን ተክሎ፣ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ነው የኖረው። ማን እንዳሸነፈ የሚያውቀው ከሰው ጩኸት ነበር። ይህን ያወቅኩት ገና ዛሬ ነው። ይቅር በለኝ ልለው ነበር የወጣሁት። «ሌላም አለ?» ሲለኝ፣ ገና ብዙ አለ አልኩት። እስከ መጨረሻው ቆየን። የማንንም ዋጋ አልጠየቀም። አራተኛው ሩጫ ላይ ክንዴን ያዘ፤ እስክንወጣ አለቀቀውም።

ስንመለስ ዴቫ እየሮጠ ደረሰብን። «ቶንቶን፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ምን ይመስልሃል?» አለኝ። አኪን ቆሞ አየኝ። አፌን ከፈትኩ...

«ቆንጆ ነው የሚሮጡት» አልኩ።

«የትኞቹ?» አለ ዴቫ፣ ከኪሱ እርሳስ እያወጣ።

«ሁሉም።»

ዴቫ ተናዶ ሄደ። አኪን እስከ ደጃችን ድረስ ሳቀ።